የምስጋና መልእክት፦ የቡና ዕዳ ላለብኝ ለእቴቴ እና ለሌሎቻችሁም

ተመስገን! የሰኔ ሪፖርቴ ገባ። ታርጌቴ ሞላ። ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ!

ምን ላይ እንደነበርኩ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የዱቄት ሳሙናና ብስኩት ሴልስ ነኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የካርቶን ዋጋ አልረጋ አለ። አምስት ካርቶን ያወርድ የነበረ ሱቅ ሁለት ማውረድ ጀመረ። ይህ በሁሉም ሴልስ ላይ የደረሰ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ራሴ ላይ ለጠፍኩት። «አልችልበትም ማለት ነው» አልኩ። መልቀቂያ ጽፌ ኪሴ ከትቼ መዞር ጀመርኩ።

እንግዲህ እቴቴ። «ስሜን እንዳታነሳ» ብለው ስላስማሉኝ አልጠራቸውም። ሱቃቸው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ በጃኬት ተጠቅልዬ እነሳለሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን ተራራ ተጠማዝዤ ወርጄ እሳቸው በር ላይ ስደርስ ጃኬቴ ክንዴ ላይ ነው።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ገባሁና «ዛሬም ምንም አይፈልጉም አይደል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን አልክ? እኔ እምቢ ሳልል አንተው እምቢ አልክልኝ እኮ! ውጣና እንደ ሰው ግባ።»

አስወጡኝ። በእውነት። ደንበኛ ቆሞ እያየ ወጥቼ ተመልሼ ገባሁ። «እንዴት አደሩ? ሳሙናው እንዴት ሄደ?» አልኩ። «አሁን ቁጭ በል» አሉና ቡና አፈሉ። ከአቦሉ በኋላ ልነሳ ስል ያዙኝ፤ ቶናም በረካም ጠጣሁ። ከዚያ ከባንኮኒው ስር የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። ሽፋኑ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር የተለበጠ ነው። አንድ ባዶ ገጽ ገለጡና በእስክሪብቶ ለሁለት ከፈሉት፦ «የገባህበት»፣ «የገዛህ»። በየሳምንቱ እየመጣሁ እንድነግራቸው አዘዙኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት 38 ሱቅ ገብቼ 5 ገዙኝ። አፍሬ ነገርኳቸው። «አምስቱን ማን ሸጠላቸው? እኔ ነኝ?» አሉኝ። በቀጣዩ 61 ገብቼ 9። ከዚያ 64 ገብቼ 8። እቴቴ በመውረዱ አልተደናገጡም፤ «አብሽር፣ ገበያ ነው» ብለው አለፉት። ወሩ ሲያልቅ ገጹን ሳየው ገባኝ። ሦስት ሱቅ በተከታታይ «አይ» ካለኝ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቤቴ እገባ ነበር። ገበያ ሞተ የምለው ሳልዞር የዋልኩበትን ቀን ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር አልልም፤ በእውነት የሞተበትም ሳምንት አለ። ግን ቢያንስ አሁን የቱ የቱ እንደሆነ እለያለሁ።

አንዴ ደግሞ ወር መጨረሻ ላይ ታርጌት ለመሙላት ብዬ አንዱን ባለሱቅ ለምኜ አስር ካርቶን ብስኩት በዱቤ አራገፍኩበት። ሰሙ! «የሰው ሱቅ መጋዘንህ ነው? ጊዜው ሲያልፍበት ማን ሊበላው ነው?» ብለው አልተቆጡኝም መሰላችሁ። ሄጄ ስምንቱን ካርቶን መልሼ ጫንኩ። የዚያን ወር ሪፖርቴ አሳፋሪ ነበር። ያ ባለሱቅ ግን ዛሬ ስልክ ደውሎ የሚያዘኝ ደንበኛዬ ነው።

በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሱቃቸው ተዘርፎ መደርደሪያው እንኳ አልቀረም ነበር። እንደገና የጀመሩት በክብሪትና በሻማ ነው። ይህን የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት፤ እሳቸው አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔ ስለ ኮሚሽኔ ሳለቃቅስ ዝም ብለው ፍንጃሉን ይሞሉልኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ልለፈው።

መልቀቂያዬን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከቆለፈ በኋላ «ጠፋብኝ፣ ሌላ ጻፍ» ሲለኝ ለከረመው ሱፐርቫይዘሬ፦ ቁልፉ የት እንዳለ አውቅ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ሾፌራችን፣ ሐረጎ ላይ ዝም ስል ዝም ስላልከኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ለሚካኤል ተስላልኛለች፤ እቴቴ ዱዓ አድርገውልኛል። የማን እንደሰመረ አልጠይቅም፤ ሁለቱም «የኔ ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ሆይ፣ ላንቺ እዚህ አይበቃም፤ ቤት እንነጋገር።

የፒያሳ፣ የሰኞ ገበያ፣ የቧንቧ ውሃና የሸዋ በር ባለሱቆች በሙሉ፣ የገዛችሁኝም ያልገዛችሁኝም፣ ክፉ አይንካችሁ። «አንተ ልጅ፣ ፊትህን አስተካክለህ ና» ያልከኝም ጭምር። በጣም ደብሮኝ ነበር፤ እውነትህን ነው።

ስማችሁን ያልጠራሁ አፉ በሉኝ። ብዙ ናችሁ፤ የረሳሁትም ሰው እንዳለ ይሰማኛል፤ ማታ ተኝቼ ትዝ ሲለኝ እደውላለሁ።

እቴቴ፣ ሐሙስ እወርዳለሁ። ያ ገጽ ስለሞላ አዲስ ደብተር ገዝቼያለሁ። የቡናውን ሂሳብ ግን እባክዎ ይንገሩኝ። በጠየቅኩ ቁጥር «ጽፌዋለሁ» ይሉኛል፤ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገልጬ አይቼዋለሁ፣ የለም።