ለአባባ፦ ስለ ፔያው አሠልጣኝ

ይድረስ ለውድ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሰፈሩ ወጣቶች ቦክስ እንዲያሠልጥኗቸው ሽማግሌ ልከው፣ እርስዎ «የእኔ ጊዜ አልፏል» ብለው እንደመለሷቸው እማማ ነገረችኝ። በስልክ ባነሳው ያቋርጡኛል ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

እዚህ ዙሪክ ከኮሶቮ የመጣች የሥራ ባልደረባ አለችኝ። የአገሯን ልጅ የድሪቶን ኩካን ታሪክ ስትነግረኝ እርስዎን ነው ያሰብኩት። ኩካ ኮሶቮ የዩጎዝላቪያ አካል በነበረችበት ዘመን ስመ ጥር የጁዶ ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ሲደርስ አገሪቱ ፈርሳ ሳይሄድ ቀረ። እርስዎም በ1976 ዓ.ም. ለሎስ አንጀለስ ሲዘጋጁ ከርመው መንግሥት አንሳተፍም አለ። የሴኡሉም እንደዚያው ሆነ።

ኩካ ከኮሶቮ ጦርነት በኋላ በትውልድ ከተማው በፔያ ልጆች ሰብስቦ ያሠለጥን ጀመር። ከልጆቹ አንዷ ማይሊንዳ ኬልሜንዲ ናት፤ ጁዶ ስትጀምር የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባባ፣ የዚህችን ልጅ መንገድ ቢያዩ! ኮሶቮ በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ገና እውቅና ስላልነበራት እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ የተወዳደረችው በአልባኒያ ስም ነው፤ ሜዳሊያም አላገኘችም። በዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2014 ሻምፒዮናው ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ ሲካሄድ የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ መያዝ ስላልተፈቀደላት በዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ባንዲራ ገብታ ዳግመኛ ወርቅ ወሰደች። ለእኛ ተወዳደሪልን ያሏት ሌሎች አገሮች ነበሩ፤ እምቢ አለች። እኔ ከወርቆቿ ሁሉ የማከብርላት ይህን እምቢታዋን ነው።

በ2016 ሪዮ ላይ ኮሶቮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ባንዲራዋን የያዘችው እሷ ነበረች። ከዚያ በ52 ኪሎ ግራም ፍጻሜ ጣሊያናዊቷን ኦዴት ጁፍሪዳን አሸንፋ ለአገሯ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣች፤ ወርቅ! በቶኪዮ ደግሞ የኩካ ተማሪዎች ዲስትሪያ ክራስኒቺና ኖራ ጃኮቫ ወርቅ ወሰዱ። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላው ኮሶቮ እስከ ፓሪስ 2024 ያገኘቻቸው አምስት የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የጁዶ ናቸው። ኬልሜንዲም ውድድር ስታቆም አሠልጣኝ ሆነች።

የኩካ ባርሴሎና በተማሪዎቹ ወርቅ ተካሰ አልልም። የቀረበት ቀርቶበታል፤ የእርስዎም ሎስ አንጀለስ እንዲሁ። በዚህ ማዘንዎን ተዉ ለማለት ምን መብት አለኝ? ግን ልጅ ሳለሁ በግቢያችን እግሬን እንዴት እንደምተክል፣ አገጬን ከትከሻዬ ሥር እንዴት እንደምከልል ሲያሳዩኝ ድምፅዎ ሌላ ይሆን ነበር። ያንን የሚያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ከእርስዎ በቀር የለም። ልጆቹም ደጅዎ ድረስ መጥተው የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ጉልበትዎን ከፈሩ ወንበር ይዘው ይቀመጡ፤ የሚሮጡት እነሱ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃል። ለጓንትና ለመምቻ ከረጢት የሚሆነውን ገንዘብ በእማማ የባንክ ሒሳብ እልካለሁ። መጀመሪያ ግን ስንት ልጆች እንደሆኑና የእጃቸውን ልክ ጠይቀው ያሳውቁኝ።

ልጅዎ