የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ፦ «ሄደ» ብቻውን በማይበቃበት ቦታ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ የቃላት ቤተሰብ ላይ ነው፤ መሄድን፣ መልቀቅን፣ ማፈግፈግንና መሰናበትን በሚገልጹ ቃላት ላይ። ርእሱ የተገኘው ከተማሪዎች ደብተር ነው። በደብተሮቹ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ሊቭ = ዲፓርት = ዊዝድሮው = ሪትሪት = ኩዊት» የሚል፣ በእኩል ምልክት የተያያዘ ዝርዝር ሞልቷል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ምልክት ነው። ዝርዝሩን ያመነ ተማሪ «አባቴ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሄደ» ለማለት ዊዝድሮው ብሎ ሲጽፍ ሰዋስው አልሳተም፤ አንባቢው ግን አባትየውን ጦር አስከትሎ ሲያፈገፍግ ነው የሚያየው።

ስለዚህ ሥራው ከአማርኛ ተጀመረ። በአማርኛ ሠራተኛ ሥራ ይለቃል፣ ወታደር ይከዳል፣ ባሕታዊ ይመንናል፣ የሐይቅ ውሃ ደግሞ ይሸሻል። «ሐይቁ ከዳ» ወይም «ሠራተኛው መነነ» የሚል ልጅ የለም። ማን ምን እንደሚለቅ አይቶ ቃል መምረጥን ተማሪው ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ የቀረው ያንኑ ጥንቃቄ ወደ እንግሊዝኛው ማሻገር ነው። የውሃው መሸሽ ሪሲድ ነው፤ ቦርከና ሞልቶ ሲጎድልም ይኸው ቃል ያገለግላል። የወታደሩ መክዳት ዲዘርት ነው። ማፈግፈግ ሪትሪት ይባላል፤ ዊዝድሮው ግን ታቅዶ በሥርዓት መውጣትንም ይይዛል፣ የግድ መሸነፍ የለበትም።

እያንዳንዱ ቃል የሚጠናው በካርድ ነው፤ ካርዱ የሚሠራው ከፓስታና ከብስኩት ካርቶን ነው። የደብተር ወረቀት በሁለት ሳምንት ይላላል፤ ከጀርባ የተጻፈውም ወደ ፊት ስለሚታይ መልሱን ያጋልጣል። የካርዱ መጠን የደብተር ገጽ ሩብ ነው። በፊቱ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ነጠላ ቃል አይበቃም። በጀርባው 4 ነገር ይሰፍራል፦ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ሦስቱ የግሥ ቅርጾች፣ ተከትሎት የሚመጣው መስተዋድድ፣ በመጨረሻም ማን ምን ሲለቅ እንደሚነገር። በሳምንት 5 ካርድ ይበቃል። ሪዛይንና ሪታየር በአንድ ሳምንት መግባት የለባቸውም፤ አጀማመራቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ሳይጸና ሌላው ከመጣ ሥራ የለቀቀውና ጡረታ የወጣው ሰው እስከ ፈተና ድረስ እንደተደባለቁ ይቀራሉ።

ከሁሉም ካርድ ብዙ እርማት የጠየቀው የመስተዋድዱ መስመር ነው። አማርኛ «ከደሴ ሄደ» ስለሚል ተማሪው ሊቭ ካለ በኋላ ፍሮም ይጨምራል። የሚለቀቀው ቦታ ግን ከሊቭ ቀጥሎ ያለምንም መስተዋድድ ይቀመጣል፦ «ሺ ሌፍት ደሴ»። የሚኬድበት ቦታ ሲሆን ፎር ይገባል፦ «ሺ ሌፍት ፎር ኮምቦልቻ»። እዚህ ላይ ፎርን መዝለል ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ወደ ኮምቦልቻ ያቀናችው ልጅ ከኮምቦልቻ የወጣች ትሆናለች። ዲፓርት፣ ዊዝድሮውና ሪታየር የሚለቀቀውን ነገር በፍሮም ይቀበላሉ። ኩዊትና አባንደን (ጥሎ መሄድ) አይቀበሉም። ዊዝድሮው ገንዘብ ሲሆን ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፦ መጀመሪያ የሚወጣው ብር፣ ከዚያ ፍሮምና ሒሳቡ። የኃላፊ ጊዜው ዊዝድሩ፣ ሦስተኛው ቅርጹ ዊዝድሮውን ነው፤ መጨረሻው ላይ ኢዲ የሚለጥፍ ተማሪ አሁንም አለ።

በድምፅ በኩል ሦስት ቦታ ላይ ብዙ ተደክሟል። ሊቭ ሲረዝም መልቀቅ፣ ሲያጥር መኖር ነው፤ ፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚጽፋቸው ጆሮ ካልለመደ በጽሑፍ አይያዝም። ዲዘርት ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲጠብቅ መክዳት ነው፤ መጀመሪያው ላይ ሲጠብቅ ዴዘርት፣ ማለትም በረሃ ይሆናል፣ ሁለቱም የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ሪዛይን ውስጥ ጂ ትጻፋለች፣ አትነበብም፤ ሪዚግኔሽን ሲሆን ግን ትሰማለች። እዚያው ቃል ላይ አንዲት ሰረዝ ብትገባ ሪ-ሳይን፣ «እንደገና ፈረመ» ይሆናል። በሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ላይ ያቺ ሰረዝ ሰውየውን ወደ ሥራው ትመልሰዋለች።

አባላት ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ስም የሆነውን ሊቭ ነው። የዓመት ፈቃድ በእንግሊዝኛ አኑዋል ሊቭ ይባላል። ይህ ሊቭ ከሄደው ሊቭ ጋር በፊደልና በድምፅ አንድ ቢሆንም ሥሩ ሌላ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ራሱ «ፈቃድ» ነበር። አማርኛችን በቀጥታ ፈቃድ ማለቱ የቃሉን ጥንተ ነገር መግለጡ ነው። ዊዝድሮውም ሲፈታ እንዲሁ ያስደስታል። ድሮው መሳብ ነው፤ ዊዝ ዛሬ «ጋር» ቢሆንም ጥንት «ተቃራኒ» ነበር፣ እዚህ ቃል ውስጥ «ወደ ኋላ» የሚለውን ስሜት ይዞ ቀርቷል። ወደ ኋላ መሳብ፤ ሪትሪትና ሪታየርም ከፈረንሳይኛ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ይህንኑ ሐሳብ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ የተሠራው ትልቁ ውይይት ስለ ውጫሌ ውል ነበር። በሚያዝያ 1881 እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መገናኘትን አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ፤ አፄ ምኒልክም በ1885 ውሉን አፈረሱት። ይህን ድርጊት በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሦስት ካርዶች ቀረቡ። «ዊዝድሮው ፍሮም» ትክክል ነው፣ ግን ለዘብ ይላል። ዲናውንስ በዕለት ንግግር ማውገዝ ነው፤ በዲፕሎማሲ ቋንቋ ግን ውል መፍረሱን በይፋ ማሳወቅ ስለሆነ ለዚህ ቦታ የተሻለው እርሱ ነው። ሪናውንስ የያዙትን መብት ወይም እምነት በፈቃድ መተው ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ዓለምን የናቀ መነኩሴ የሚነገርለትም በዚሁ ቃል ነው። ለጸሎት ለጊዜው ከሰው መለየት ሲሆን፣ ሱባኤም ሆነ ኸልዋ መግባት፣ ሪትሪት ይሆናል፤ ጦር ሜዳ ላይ ያገኘነው ቃል እዚህ ሰላማዊ ነው።

የአማርኛው «አለ» ያላቸው ግሦች ከእንግሊዝኛው ሁለት ቃል ግሦች ጋር ሲጋጠሙ መገጣጠማቸው ያስደንቃል። ሹልክ አለ፣ ስሊፕ አውት ነው። ተቆጥቶ ውልቅ አለ፣ ዎክ አውት። ላጥ አለ ግን በአንድ ቃል ቦልት ነው። ቃል ከገቡበት ነገር ማፈግፈግ ባክ አውት ነው። ለ12ኛ ክፍሎች ድሮፕ አውትንና ዊዝድሮውን መለየት ከፈተናም ያልፋል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሕመም ወይም በችግር ትምህርት የሚያቋርጥ ተማሪ ከሬጅስትራር የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ፣ የቤተ መጻሕፍቱንና የመኝታ ክፍሉን ክሊራንስ አስፈርሞ ከወጣ የመመለሻ በር አለው። ፎርም ሳይሞላ የጠፋ ልጅ ያንን በር ለማስከፈት ብዙ ይንከራተታል።

ካርዶቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ሁለት ካርዶች ለመስከረም እንደገና ይጻፋሉ። «አነሳ» የሚለው፣ ክሱን ሲያነሳ ዊዝድሮው፣ ጥያቄ ሲያነሳ ሬይዝ ስለሆነ በአንድ ካርድ አልበቃም። «ተሰናበተ» ደግሞ እንግዳው ሲሰናበተን «ሴይ ጉድባይ» ነው፤ ሠራተኛው ከሥራ ሲሰናበት ግን የለቀቀው እርሱ አይደለም፣ ተባሯል፣ ካርዱም ከሪዛይን ሣጥን ወጥቶ ዲስሚስ ወደሚለው ይዛወራል።