የኤሲ ጋዝ በየዓመቱ ይሞላ ስለተባለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የተሽከርካሪ ዓምድ ላይ «የመኪና ኤሲ ጋዝ በየዓመቱ መሞላት አለበት» የሚል ምክር አንብቤያለሁ። ጽሑፉ ስለ አየር ማጣሪያና ስለ ቺንጋ የሰጠው ማብራሪያ ጠቃሚ ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ባለመኪናውን ለተደጋጋሚ ወጪ፣ ኮምፕሬሰሩንም ለብልሽት የሚዳርግ በመሆኑ እርማት ያስፈልገዋል እላለሁ።

ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በኮምፕሬሰሩ ታምቆ፣ በኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለቅቆ ፈሳሽ ይሆናል፤ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲተን ደግሞ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ወስዶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። በጎማ ቱቦዎቹና በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት መሾለኩ አይቀርም። በተሞላ በጥቂት ወራት ማቀዝቀዝ የሚያቆም ኤሲ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለው።

ይህን የተማርኩት በራሴ መኪና ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ። በየጊዜው በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጥና የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት ንቅንቅ ሳይል ሲቆይ «ቀዳዳ የለውም» ተብሎ ይሞላል። ማንም ሆን ብሎ አላታለለኝም፤ ጉድለቱ ከፍተሻው ነበር። ቫኪዩም አየርና እርጥበትን ለማስወጣት የግድ ቢሆንም ቀዳዳ ለመፈለግ አይበቃም፤ በዚያን ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ቢበዛ 1 ባር ያህል ሲሆን፣ ኤሲው ሲሠራ ግን በከፍተኛ ግፊቱ በኩል ያለው ጋዝ ከ10 እስከ 15 ባር፣ በሞቃት ቀንም ከዚያ በላይ፣ ወደ ውጭ ይገፋል። ያረጀ ኦሪንግ (የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበት) ወደ ውስጥ ሲሳብ ቦታውን ሊደፍን፣ ወደ ውጭ ሲገፋ ሊከፍት ይችላል።

በአራተኛው ጊዜ ያገኘሁት ባለሙያ ጌጅ ከማገናኘቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ባትሪ አብርቶ ኮንደንሰሩን መረመረ። ከታች ጥጉ ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ አቧራው ጠቁሮና ወዝቶ ተጣብቋል። መኪናዬን ሳጥብ ስንት ጊዜ አይቼው የሞተር ዘይት የተረጨ መስሎኝ አልፌዋለሁ! ጋዙ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚዞር በሚሾልክበት ቦታ የዘይት ምልክት ይተዋል። ባለሙያው ደረቅ ናይትሮጅን አስገብቶ የሳሙና ውኃ ሲቀባው የስንዴ ቅንጣት የምታክል አረፋ ቀስ ብላ አበጠች፣ ፈነዳች፣ እንደገና አበጠች። ጠጠር የመታው ቦታ ነበር።

ሁሉም ቀዳዳ እንዲህ ለዓይን አይጋለጥም። የቱቦ መጋጠሚያዎች፣ የጋዝ መሙያው ባልቦላና የዘንጉ ማሸጊያ በቀላሉ ይታያሉ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀው ኢቫፖሬተር ግን አስቸጋሪ ነው። እሱ ሲጠረጠር ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የኤሌክትሮኒክ መፈለጊያውን ውኃ በሚንጠባጠብበት ቱቦ አፍ መያዝ ይቻላል። በጣም አዝጋሚ ለሆነ ፍሳሽ ደግሞ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚታይ ቀለም ጨምሮ ለጥቂት ሳምንታት መንዳት ይሻላል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ እኔ አልደፍረውም፤ በጠባብ መተላለፊያዎችና በጋዝ መመጠጫ መሣሪያው ውስጥ ሊጋገር ይችላል።

ጌጅ ብቻ አይቶ «ግማሽ ጎድሏል» ማለትም ያሳስታል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት እንኳ ፈሳሽ ጋዝ ውስጥ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ በብዙ መኪኖች ኤሲ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ አር 134ኤ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 200 ግራምም ይኑር 500፣ ወደ 5.7 ባር ገደማ ያሳያል። ስለዚህ የቀረው ተመጥጦ ይመዘን፤ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ልክም በሚዛን ይሞላ። ሥርዓቱ ለጥገና ሲከፈት የጠፋውን ዘይት መተካትና እርጥበት የሚመጥጠውን ማድረቂያ መቀየርም ያስፈልጋል፤ ዘይት ያነሰው ኮምፕሬሰር ራሱን ይበላል።

የሚወጣው ጋዝ ጉዳት ለባለመኪናው ብቻ አይቀርም። አር 134ኤ ኦዞንን ይጎዳ የነበረውን የቀድሞ ጋዝ፣ አር 12ን፣ የተካ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,300 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል (የኦዞን ጥበቃ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ማሻሻያም አጠቃቀሙ እንዲቀንስ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። በየዓመቱ እየሞሉ ማስፈሰስን መምከር ከዚህ ጋር አይሄድም።

ዓምዱ በቀጣይ እትም ምክሩን ቢያርም፣ አንባቢዎችም ከመሞላቱ በፊት የተመጠጠውና ከዚያ የተሞላው ጋዝ በግራም ደረሰኝ ላይ እንዲጻፍላቸው እንዲጠይቁ ቢያሳስብ መልካም ነው። የእኔ የመጨረሻው ደረሰኝ ሁለቱንም ቁጥሮች ይዟል፤ ከፊቱ ያሉት ሦስቱ ግን «ጋዝ ሙሌት» ከሚል በቀር ምንም አይሉም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ