አዲስ መምህር ዋስ ከመሆኑ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ደብረ ብርሃን ላይ ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲውም መምህራን ያሰለጥናሉ። ተመራቂዎቹ ወደ መንዝ፣ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ አንኮበር ይመደባሉ። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ ለቤታቸው አዲስ ነገር ነው። እኔ በዞኑ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የሚመጡልን ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ክፍል ይዘው ያስተምራሉ። የገንዘብ ነገር ግን ማንም አላስተማራቸውም።

አንዲት አዲስ መምህርት የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የተቆረጠብኝ ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። ቅጣት መስሏት ነበር። ቁጭ ብለን አሰላነው። ለስሌት እንዲመቸን ደመወዙን 8,000 ብር አልነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ የቀረው 1,000 ላይ 25 በመቶ ይቆረጣል። ድምሩ 1,150 ብር ሆነ። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ 560 ብር፣ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 6,290 ነው። መንግሥትም በበኩሉ ለጡረታዋ 11 በመቶ እንደሚጨምርላት ስነግራት ፊቷ ፈካ አለ። እሷው ለተማሪዎቿ የምታስተምረው መቶኛ እኮ ነው!

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ዋስትናው ነው። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ለዋስነት ይፈለጋል። ልጁ ገና ቤት ተከራይቶ ሳይረጋጋ የአገሩ ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባው ይመጣና "አንድ ፊርማ ብቻ" ይለዋል። ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ሳያነብ ይፈርማል። ተበዳሪው ሲጠፋ ዕዳው እሱ ላይ ይወድቃል። በሰው ዕዳ ደመወዙ እየተቆረጠ ሠርጉን ያራዘመ ወጣት አውቃለሁ።

ወረቀቱ ላይ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። በሌላ በኩል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

በስልክ የሚገኘው ፈጣን ብድርና የስፖርት ውርርዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ልጆቹ ከቁጠባ ጋር አይተዋወቁም ማለቴ አይደለም። እቁብ ሲጣል እያዩ ነው ያደጉት። ትምህርቱም ከዚያ ቢጀምር ይገባቸዋል። ዕጣው መጨረሻ የደረሰው ሰው የሚቀበለው ብር ኑሮ ሲወደድ ምን ያህል እንደሚገዛለት ቢያሰሉ ስለ ዋጋ ንረትም ስለ ወለድም ጥሩ መነሻ ይሆናቸዋል።

አሰልጣኞችን የምጠይቀው አዲስ ኮርስ እንዲከፍቱ አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የደመወዝ ወረቀትና የብድር ውል ይዘው ይግቡ፤ የባንክ ወይም የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ባለሙያም ይጋብዙ። ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲልኳቸው ደግሞ ግማሽ ቀን ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ያስቀምጧቸው። ወደ እኛ ለሚመጡት የዋስትናውን ውል አንብቤ የማስረዳው እኔ ነኝ።

አንድ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ