ጠፋ ያልኩህ ማሰሪያ

ወንድምዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዓመት ከስምንት ወር ዝም ብዬ ከርሜ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብል ትስቅብኛለህ። ይቅር በለኝና ወደ ኑዛዜዬ ልለፍ። ያ ጠፋ ያልኩህ የእጅ ማሰሪያ፣ ክብደት ስታነሳ አንጓህን ከብረቱ ጋር የምታስርበት ጥብጣብ፣ አልጠፋም። እኔ ዘንድ ነው።

በሄድክ ሳምንት ከጂሙ መደርደሪያ ሥር አገኘሁት። "እጁን ካላሰሩለት ብረት የማያነሳ" እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሾፍኩብህ አልረሳሁም። አንድ ቀን በማለዳ፣ ማንም ሳይኖር፣ አንጓዬ ላይ ጠመጠምኩት። 120 ኪሎ ላይ ጣቶቹ የሚከፈቱበት ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ 160 ከመሬት አነሳሁ። ልክ ነበርክ፤ ጀርባና እግር ገና ሳይደክሙ ጣት ቀድሞ እጅ ይሰጣል። "እንግሊዛዊው ጉልበተኛ ኤዲ ሆልም እኮ 500 ኪሎ ከመሬት ያነሳው በማሰሪያ ነው" ስትለኝ ጆሮዬን የደፈንኩትም በምቀኝነት ነው። ይኸው ተናገርኩ።

ግን ስማ ምን እንደሆነ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠፋ (እዚህ ላይ የተለወጠ ነገር የለም)። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከግቢው ታንከር ሞልቼ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የቀኝ እጄ ጣቶች አንድ በአንድ ተፈቱ። ትንሿ ጣቴ፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ፣ ከዚያ ጀሪካኑ ደረጃውን እየደለቀ ወረደ፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ውሃው እስከ ምድር ቤት ደረሰ። የሁለተኛ ፎቋ እትዬ የራሳቸውን ጀሪካን እንዳንጠለጠሉ ቆመው አዩኝና "ልጄ፣ አንተ ስፖርት ትሠራ የለም እንዴ?" አሉኝ።

160 ኪሎ ይዞ ጥቂት ሰከንድ መቆምና ቀጭን እጀታ ጨብጦ አራት ፎቅ መውጣት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለእትዬ ግን ይህን አላስረዳሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው ብረት ላይ እንጠለጠላለሁ። መጀመሪያ 35 ሰከንድ፣ አሁን አንድ ደቂቃ ልደርስ ነው። እስከ 120 ድረስ ያለ ማሰሪያ፣ አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ቀብሬ አነሳለሁ፤ ሕመሙን አልነግርህም፣ ጥፍሬ ጠቁሯል። አንዱን መዳፍ ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አዙሮ መያዙ ይቀላል፤ ነገር ግን ወደ ፊት የዞረው ክንድ ጡንቻው ሊበጠስ ይችላል ስለሚባል ፈራሁት። ፈሪ ነህ በለኝ፣ ግድ የለም።

አሁን... እንዴት ልበልህ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ልመና ይዤ መምጣቴ ያሳፍራል። ያንን ላብ የሚያደርቀውን ነጭ ዱቄት፣ ማግኒዥየም ካርቦኔቱን፣ የሚመጣ ሰው ካገኘህ አንድ እሽግ ትልክልኛለህ? እዚህ ያሉት ልጆች አሁንም የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ፈጭተው ይቀባሉ። እኛም ፈጭተን ብረቱ ይብስ እንደ ሳሙና ያንሸራተተን ቀን ትዝ ይልሃል?

ማሰሪያህን በዚያው ሰው እጅ ልመልስልህ አስቤ ነበር። ከ140 በላይ ላሉት የመጨረሻ ዙሮች ግን አሁንም ያስፈልገኛል። እስከ ፋሲካ ይቆይልኝ?

ያው ሌባ ጓደኛህ