ደመራን የት እንዳመሸሁ

ሪያቼ፣ መስከረም 20

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ታናሼ ይህን ሲያነብልሽ እንዳይቻኮል ንገሪልኝ።

ባለፈው በስልክ «ደመራን የት አከበርሽ?» ስትይኝ «ቤተ ክርስቲያን» ብዬ ወሬውን ወደ ጉልበትሽ ያዞርኩት ልዋሽሽ ብዬ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የኛ ግን አይደለም፤ ደግሞም ሳጨበጭብና ስጨፍር ነው ያመሸሁት። በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ «ወይኔ ልጄን» ማለትሽ አይቀርም ብዬ ነው በወረቀት የማደርገው።

ሪያቼ በደቡብ ጣሊያን ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ከባሕሩ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ኮረብታ ላይ። ልጆቿ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቶሪኖና ወደ ጀርመን ወጥተው ብዙ ቤት ተዘግቶ ነበር። በ1998 በነሱ አቆጣጠር ሁለት መቶ ያህል ኩርዶች የጫነች ጀልባ ታች ባሕሩ ዳር ደረሰች፤ ባዶዎቹ ቤቶች ለስደተኛ የተከፈቱት ከዚያ ወዲህ ነው። እኔም የምተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ አለ። አላወረድኩትም።

የመንደሩ ጠባቂ ቅዱሳን ኮዝማና ዳሚያኖ ይባላሉ። ስማቸውን መጀመሪያ ስሰማ ምንም አላለኝም። የምሠራላቸው ሲኞራ «ወንድማማች ሐኪሞች ነበሩ፤ ከበሽተኛ ገንዘብ አይቀበሉም» ሲሉኝ ግን የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። እማዬ፣ ቆዝሞስና ድምያኖስ ናቸው! ኅዳር 22 ስንክሳሩ ሲነበብ የምትሰሚያቸው፣ ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሰማዕት የሆኑት። በዓላቸው እዚህ መስከረም 15፣ 16 እና 17 ነው የሚውለው። እናንተ ችቦ ስታበሩ እነሱም በዓል ላይ ናቸው ማለት ነው።

ያን ሰሞን ሪያቼ ካለችበት ክፍለ ሀገር፣ ከመላው ካላብሪያ፣ ሮም የሚባሉት ሰዎች ይመጣሉ። ከተማዋን ሮምን እንዳይመስልሽ፤ ሌላው ጂፕሲ የሚላቸው ናቸው። በሌላ ቀን ሲያልፉ ሰው ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል፤ በዚህ በዓል ግን ከነሱ የሚቀድም የለም። የቅዱሳኑ ምስል ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ከመንደሩ ውጭ ወዳለው መቅደስ ሲሄድ፣ አኮርዲዮንና ከበሮ ይዘው ከፊት ከፊቱ ይጨፍራሉ። ከበሮዋ የኛን አታክልም፤ በእጅ የምትያዝ፣ ጠርዟ ላይ የሚንሿሿ ቆርቆሮ ያላት ናት። ጭፈራው ታራንቴላ ይባላል፤ እግር ብቻ ነው፣ ትከሻ የለውም። እኔ ትከሻ ጨመርኩበት። አንዲት የሮም አሮጊት አይታኝ እየሳቀች ልትከተለኝ ሞከረች፤ አልቻለችም እንጂ። ታቦት ሲወጣ እንደሚያደርገኝ ዕንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ።

የሪያቼን ስም ዓለም ያወቀው ግን በቅዱሳኑ አይደለም። ነሐሴ 1972፣ አሁንም በነሱ አቆጣጠር፣ ከሮም ከተማ ለዕረፍት የመጣ ጠላቂ ስምንት ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ከአሸዋው የወጣ ክንድ አየ። ሬሳ መስሎት ነበር አሉ። ሲወጣ ሁለት የነሐስ ተዋጊዎች ሆኑ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የቆዩ የግሪክ ሐውልቶች፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። የአንደኛው ጥርስ ብር ነው። አሁን ያሉት ሬጆ ካላብሪያ ሙዚየም ስለሆነ እሑድ ቀን ሄጄ አየኋቸው። ከመግባትሽ በፊት አቧራሽን የሚያጠራ ክፍል ውስጥ ትንሽ ያቆሙሻል፤ ጫማ አውልቂ አለማለታቸው ነው የገረመኝ። ሲኞራ እስከ ዛሬ ተናደው «የኛን ወሰዱብን» ይላሉ። ለሳቸው የወጡት ሐውልቶች አይደሉም፤ «ሁለት ናቸው፣ ከኛ ባሕር ወጡ፣ ታዲያ ቅዱሳኑ ካልሆኑ ማን ናቸው?» ራቁታቸውን መሆናቸውን ባነሳባቸው አልሰማ አሉኝ።

ስቲሎ የምትባል ጎረቤት መንደርም አለች፤ ተራራው ጥግ ላይ ከሺህ ዓመት በፊት የታነፀ፣ አምስት ጉልላት ያለው ሸክላ ቤተ ክርስቲያን አላት። ስሙ ካቶሊካ ነው ብል እንዳትደነግጪ፤ የግሪክ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ትልቅ እንዳይመስልሽ፤ የኛን ግቢ አያክልም።

አሁን ወደ ነገሬ። ለቅዱሳኑ ስለት የሚያገቡት በሰም ነው። እጁን የታመመ የሰም እጅ፣ እግሩን የታመመ የሰም እግር ይሰጣል። እኔ አንድ እግር ገዛሁ። ሻጩ «የማን ነው?» አለኝ፤ «የእናቴ ጉልበት» አልኩት። ቀኝ ይሁን ግራ ሲጠይቀኝ ግን አላወቅሁም፤ አፈርኩ። በስልክ «ጉልበቴን» ከማለት በቀር የትኛው እንደሆነ ነግረሽኝ አታውቂም፣ እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። ደስ ያለኝን ቀኙን ወሰድኩ። ግራው ከሆነ ጻፊልኝ፣ የከርሞ ሰው ይበለን።

ለኅዳር 22 ታናሼ አጥብቆ ይዞሽ ይሂድ። ስንክሳሩ እስኪነበብ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ፤ አትቁሚ። ሁለት ጧፍ አብሪልኝ፣ አንዱን ለሲኞራ። ስሟን ቄሱ ከጠየቁ ባዕድ ናት እንዳትዪ፣ «የልጄ እናት» በያቸው።

ልጅሽ