እማዬ፣ ሽልማቱ ያንቺ ይሁን

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ «ከእንግዲህ ትንሽ መንቀሳቀስ አለብኝ፣ ትንሽ ገንዘብም መያዝ አለብኝ» ስትይኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ተቆራርጦ ስለሚቀር ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ግብሽ የሚቆጠር ይሁን። ኤድዊን ሎክና ጌሪ ሌተም የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው ግብ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። «የቻልከውን ያህል ሞክር» ከተባለ ሰው ይልቅ፣ ቁርጥ ያለና ትንሽ ከበድ የሚል ግብ የያዘ ሰው የተሻለ ይሠራል። ግቡን አምኖ እስከተቀበለው ድረስ ነው ታዲያ። ስለዚህ ቁጥሩን እኔ አልወስንልሽም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በቀን 10 ሺህ እርምጃ የሚባለው ነገር እንዳያስፈራሽ። ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ይሸጥ ከነበረ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚሄዱት፣ 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ በጥናቱ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። 7,500 አካባቢ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ብዙም አይጨምርም። ያንቺ ቢጤዎች ናቸው እማዬ! ስልክሽ እርምጃ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳትለውጪ ዝም ብለሽ እዪው። ከዚያ በላዩ 500 ጨምሪ። እሱ ሲለምድልሽ ሌላ 500።

መራመድ ብቻውን ግን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሰውነት ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ መውደቅን ይከላከላል። ለዚህ ወንበር ይበቃሻል። የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። ወደ ጫፉ ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ። እግርሽን በትከሻሽ ልክ ከፈት አድርገሽ መሬቱን በደንብ ርገጪ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በይና ተነሺ። ስትቀመጪ ዘጭ አትበይ፤ ቀስ እያልሽ ውረጂ። መጀመሪያ ላይ ካቃተሽ በእጅሽ ደገፍ በይ፣ ምንም አይደለም። ሳትደገፊ 5 ጊዜ መነሳት ራሱ ጥሩ ግብ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስጂ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። ካዞረሽ ወይም ደረትሽን ከያዘሽ ወዲያው አቁሚ።

ኪሎ መቀነስን ግብ አታድርጊው። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ሳምንት ይወርዳል፣ ሌላ ሳምንት ያለምክንያት ይወጣል። መራመድሽ ግን በእጅሽ ነው። ሽልማት የሚገባውም በእጅሽ ላለው ነገር ነው። በሳምንት 4 ቀን እራመዳለሁ ብለሽ 4 ቀን ከተራመድሽ፣ ሚዛኑ ምንም ቢል ሽልማትሽን ውሰጂ። አንድ ቀን ብትዘይም አትበሳጪ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት አዲስ ነገር ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል ጉዳት እንደሌለው አሳይቷል። ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው ከ8 ወር በላይ እንደሚፈጅበት ተገምቷል።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ከእኔ ይልቅ ገንዘብ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከወጪ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ካልሽ ግን የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ጡረታሽ በገባ ዕለት መጀመሪያ የቁጠባው ይነሳ፣ ወጪው በቀረው ይደረግ። ባንኩ በየወሩ ራሱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲያዛውርልሽ ማዘዝም ትችያለሽ፤ ዓይንሽ ያላየው ገንዘብ አያጓጓሽም። የመጀመሪያው ግብ የአንድ ወር ወጪሽን መያዝ ይሁን። ሽልማቱ ቁጠባውን እንዳይበላው ደግሞ ከመነሻው ለይው፤ ካስቀመጥሽው ከ10 እጁ 9ኙ አይነካ፣ 1ዱ የደስታሽ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

እማዬ፣ አንቺ ራስሽን መሸለም አታውቂበትም። እኛ ክፍል ስናልፍ ትሸልሚን ነበር። ለራስሽ ግን ምን ገዛሽ? አንድ ነገር ባጠራቀምሽ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ይቸግረዋል፣ አንቺም ሳትጠየቂ ታወጪዋለሽ። እንደምትወጂን እናውቃለን። አሁን ግን ሁላችንም ሥራ ይዘናል። የቸገረው ከእኛው ከወንድም ከእህቱ ይበደር። ያ ሒሳብ ያንቺ ነው።

መነጽርሽን ሽልማት ማድረግም አይቻልም። መድኃኒትም፣ የቤት ዕቃም አይቻልም። እነሱ የሚያስፈልጉሽ ናቸው፣ ተራመድሽም አልተራመድሽም ይገዛሉ። ሽልማት ማለት ባይኖር የማትሞቺበት ግን ሲኖር ፊትሽ የሚበራበት ነገር ነው። ለሳምንቱ ትንሽ ይሁን፦ ማንም ሳይጠራሽ በርሽን ዘግተሽ የምትወጂውን ትረካ የምታዳምጪበት ከሰዓት በኋላ። ለሦስት ወሩ ተለቅ ያለ ይሁን፦ ስንት ዓመት «አንድ ቀን» ስትይ የኖርሽው፣ እህትሽ ዘንድ ሄዶ መሰንበት። ቶሎ የሚደርስ ሽልማትና ሩቅ ያለ ሽልማት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሩቁ ብቻ ከሆነ መንገድ ላይ ትሰለቻለሽ።

እና እባክሽ፣ ሁለቱን ግቦችሽንና ሽልማቶቹን ወረቀት ላይ ጻፊያቸው፤ እሑድ ስንደዋወል ታነቢልኛለሽ። ከሽልማቶቹ መካከል ለእኛ የሚሆን ነገር ካስገባሽበት ሰርዢውና ለራስሽ የሚሆን ተኪበት። እኔም የራሴን ጽፌ አነብልሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ